ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አቻ አማካሪ መሆን፦ ከማመልከቻው እስከ ርክክቡ

አዲስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው የሆነ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። የሚያጣው ከዚያ ሁሉ ውስጥ የትኛው እሱን እንደሚመለከት፣ የትኛው ጊዜ እንደማይሰጥ፣ የትኛው ቢሮ ገብቶ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የሚነግረውን ሰው ነው። አቻ አማካሪ ማለት ይህን ክፍተት የሚሞላ ነባር ተማሪ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው በር ገብቷል፤ ግራ መጋባቱንም ገና አልረሳውም።

ይህ መመሪያ ሥራውን ለመጀመር ለምታስቡ ተማሪዎች የተጻፈ ነው። ወደ ደረጃዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይመነጫልና። እርዳታ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ተማሪ ብዙውን ጊዜ እርዳታ የማይጠይቀው ነው። ዴል ሚለርና ካቲ ማክፋርላንድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ሆን ተብሎ ግራ የሚያጋባ ጽሑፍ የተሰጣቸው ተማሪዎች ማብራሪያ መጠየቅ እየቻሉ አልጠየቁም። እያንዳንዱ ራሱ ዝም ያለው አፍሮ ነው፤ ሌሎቹ ዝም ያሉት ግን ገብቷቸው መሰለው። የአንደኛ ዓመት ክፍል በእንዲህ ያለ ዝምታ የተሞላ ነው። ስለዚህ «ችግር ካለ ደውሉልኝ» ብሎ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መቀመጥ ማማከር አይደለም። የአቻ አማካሪ ሥራ ቀድሞ መሄድ ነው፤ ቀድሞ መጻፍ፣ ቀድሞ መጠየቅ፣ ዝም ያለውን ቀድሞ ማስተዋል።

ደረጃ 1፦ ሥራው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እወቁ

አቻ አማካሪ አስተማሪ አይደለም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ ወላጅም፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴም አይደለም። የቅርብ ጓደኛ መሆንም ግዴታው አይደለም። ተማሪውን ያዳምጣል፣ የራሱን ልምድ በልክ ያካፍላል፣ ከትክክለኛው ሰው ጋር ያገናኛል፣ ከተገናኘ በኋላም ምን እንደደረሰ ተመልሶ ይጠይቃል። ከእነዚህ አራቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። «ሬጅስትራር ሂድ» ብሎ መላክ ቀላል ነው፤ «ሄድክ? ምን አሉህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ተማሪው ተስፋ ቆርጦ ከበሩ እንዳይመለስ ያደርገዋል።

ሥራው ለምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የቪንሰንት ቲንቶን ሐሳብ ማወቅ ይጠቅማል። ተማሪዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ያጠናው ይህ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የመቆየቱ ነገር የሚወሰነው በችሎታው ብቻ እንዳልሆነና ከተቋሙ የትምህርት ሕይወትና ከማኅበራዊ ሕይወቱ ጋር ባለው ትስስር ላይም እንደሚመሠረት አስረድቷል። ጎበዝ ሆኖ ከማንም ጋር ያልተሳሰረ ተማሪም ሊሄድ ይችላል። እናንተ ከዚያ ትስስር የመጀመሪያው ክር ናችሁ፤ ብቸኛው ክር ግን መሆን የለባችሁም።

ደረጃ 2፦ ለራሳችሁ በእውነት መልሱ

ከማመልከታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይከብድም፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፣ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላና ከፋይናል በፊት ይበረታል። እነዚህ ደግሞ የእናንተም የጭንቅ ጊዜያት ናቸው። የዘንድሮ የትምህርት ጫናችሁ እጅግ የከበደ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ነውር የለውም። በመሃል የሚጠፋ አማካሪ ከነጭራሹ ካልነበረ ይብሳል፤ ተማሪው የተተወ ይመስለዋልና።

ሁለተኛው ምክንያታችሁ ነው። ለሲቪ ይጠቅመኛል ማለት ነውር አይደለም፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ከሆነ ግን ሥራው በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ሦስተኛው ውጤታችሁ ነው። ብዙዎች «ጂፒኤዬ ከፍተኛ ካልሆነ አልመጥንም» ብለው ይቀራሉ። በእኔ እምነት ይህ ስህተት ነው። አንድ ኮርስ ወድቆ፣ ደግሞ ወስዶ፣ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ነገር ከተቃናለት ተማሪ የበለጠ የሚናገረው አለው። ፕሮግራሙ ዝቅተኛ የውጤት መስፈርት ሊኖረው ይችላል፤ እሱን ካሟላችሁ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ አመልክቱ፤ ፕሮግራም ከሌለ በትንሹ ጀምሩ

ማመልከቻዎች የሚወጡት በብዛት በተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ፣ በየዲፓርትመንቱ ወይም በተማሪዎች ኅብረት በኩል ነው። ምልመላው ብዙ ቦታ አዲሶቹ ከመግባታቸው ወራት ቀደም ብሎ ያልቃል፤ ስለዚህ የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ጠይቁ።

ደብዳቤያችሁ ላይ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ከምትሉ አንድ የሆነ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ የክፍል ጓደኛችሁ የኮርስ ምዝገባ ሲበላሽበት ምን እንዳደረጋችሁ፣ የት እንደሄዳችሁ፣ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ። ቃለ መጠይቅ ካለ ገጠመኝ መሰል ጥያቄዎች ጠብቁ። ተማሪያችሁ ሁለት ሳምንት መልስ ባይሰጥ ምን ታደርጋላችሁ? አሳይመንቱን እንድትሠሩለት ቢለምናችሁስ? ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ ከባድ ነገር ቢነግራችሁስ? ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ጀግና አይደለም፤ ወሰኑን የሚያውቅና «ይህን ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አደርሳለሁ» የሚል ሰው ነው።

በዩኒቨርሲቲያችሁ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሌለ አንድ መምህር ወይም የተማሪ አገልግሎት ሠራተኛ በኃላፊነት እንዲቆምላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ሦስት አራት ጓደኞች ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ ከአምስት የማይበልጡ አዲስ ተማሪዎችን ያዙ። ያለ ኃላፊ አትጀምሩ። ከባድ ነገር ሲገጥማችሁ የምትሮጡበት ሰው ከሌለ ሸክሙ በእናንተው ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ግቢውን ዳግመኛ ዙሩ

ነባር ተማሪ ግቢውን አውቀዋለሁ ይላል፤ የሚያውቀው ግን የሚጠቀምበትን ክፍል ነው። የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት የት ነው? የምክር አገልግሎት ቀጠሮ የሚያዘው በአካል ነው በስልክ? ክሊኒኩ ሌሊት ይሠራል? የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ማን ይቀበላል? እነዚህን በግምት አትመልሱ። እያንዳንዱ ቢሮ በእግራችሁ ሂዱና አራት ነገር ጻፉ፤ ቦታውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ተማሪው ይዞ መቅረብ ያለበትን ሰነድ፣ መጀመሪያ የሚያነጋግረውን ሰው የሥራ መደብ። ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይግባ። ይህች ገጽ ዓመቱን ሙሉ ታገለግላችኋለች።

ሁለተኛው ሰነድ የአካዳሚክ ካላንደሩ ነው። በተለይ ሁለት ቀኖችን አክብቡ፤ ኮርስ የመጨመርና የመቀነስ ጊዜ የሚያበቃበትንና ከኮርስ በይፋ ለማቋረጥ የሚፈቀድበትን የመጨረሻ ቀን። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ጊዜ ውስጥ የተቀነሰ ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም፤ ከዚያ በኋላ የተቋረጠ ግን ምልክቱ ይቀራል፤ ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪ ደግሞ «ኤፍ» ሊሰጠው ይችላል። የእናንተ ተቋም ደንብ ምን እንደሚል የተማሪ መመሪያው ላይ አንብቡ እንጂ ከወሬ አትውሰዱ። አዲስ ተማሪዎች የሚጎዱት ትምህርቱ ከብዷቸው ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቀን ሳያውቁት አልፎባቸውም ጭምር ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን መልእክት ላኩ

የተማሪዎቹ ስም እንደደረሳችሁ፣ ከተቻለ ግቢ ከመግባታቸው በፊት፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጻፉ። የቡድን መልእክት ማንንም አይመለከትም። አጭር ይሁን፤ በቀላሉ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ይኑረው። ለምሳሌ፦

«ሰላም ሳራ፣ እንኳን ደስ አለሽ! የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በዚህ ዓመት የአንቺ አቻ አማካሪ እንድሆን ተመድቤያለሁ። ምዝገባ ሰኞ ስለሚጀምር የትኛው ሕንፃ እንደሆነና ምን ይዘሽ እንደምትመጪ ነገ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያው አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ አሁን በጣም የሚያሳስብሽ ነገር ምንድን ነው፣ ምዝገባው፣ መኖሪያው ወይስ ትምህርቱ?»

ሦስት ምርጫ መስጠታችሁ ለመመለስ ያቀልላታል። ነገ እጽፋለሁ ያላችሁትን ነገ ጻፉ። እምነት በአንድ ጊዜ ንግግር አይመጣም፤ ትንሽ ቃል ሰጥቶ በሰዓቱ በመፈጸም ነው የሚገነባው። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወቀሳ የሌለበት ሌላ መልእክት ላኩ። ከዚያም ካልመጣ በአካል ፈልጉ፤ ስልክ የሌለው፣ ኢሜይሉን ገና መክፈት ያልቻለ፣ ወይም «አማካሪ የተመደበልኝ ደካማ ስለሆንኩ ነው» ብሎ የተሸማቀቀ ሊሆን ይችላል። ለመጨረሻው ፍርሃት መድኃኒቱ ለሁሉም አዲስ ተማሪ አማካሪ እንደሚመደብ መንገር ነው፤ እውነቱ እንደዚያ ከሆነ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

ጸጥ ያለ ግን ሰው የሚያልፍበት ቦታ ምረጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስሙን እሱ በሚጠራበት መንገድ ጥሩት፤ ካልያዛችሁት ድጋሚ ጠይቁ።

ከዚያ ወሰኑን በግልጽ ተናገሩ። ምን ልትረዱ እንደምትችሉ፣ በስንት ሰዓት መካከል መልእክት እንደምትመልሱ፣ በየስንት ጊዜው እንደምትገናኙ። ከሁሉ በላይ ስለ ምስጢር፦ «የምትነግረኝን ለሌላ አላወራም። ግን አንተ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ እንዳላችሁ ከሰማሁ ለአስተባባሪዬ መናገር አለብኝ፤ ያን ጊዜም መጀመሪያ ለአንተ እነግርሃለሁ።» ይህን ሰውየው ምስጢሩን ካወጣ በኋላ መናገር ክህደት ይሆናል። አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ትንሽ የሚያስጨንቅ ንግግር ቢሆንም።

ከዚህ በኋላ ጠይቁ። «እንዴት ነህ?» ካላችሁ «ደህና» ነው የምታገኙት። ይልቅ «ከትናንት እስከ ዛሬ በጣም ያስቸገረህ ነገር ምን ነበር?»፣ «ከክፍልህ ስሙን የምታውቀው ሰው አለ?»፣ «ከኮርሶቹ ስታየው የፈራኸው የትኛው ነው?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ማንም የሌለው ተማሪ ግን በእሱ ይታወቃል። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ እምነቱ ገና አትጠይቁ። ሊነግራችሁ ከፈለገ ጊዜው ይደርሳል።

ቀጠሮውን በእግር ጉዞ ጨርሱ። ከቢሮዎቹ አንዱን፣ በተለይ ተማሪዎች መግባት የሚፈሩትን፣ አብራችሁ ሄዳችሁ በሩን አሳዩት። አንድ ጊዜ በሰላሙ ቀን ያየውን በር በክፉ ቀን ለማንኳኳት ያን ያህል አይከብደውም።

ደረጃ 7፦ በየሳምንቱ ቀጥሉ፤ ዝም ያለውን ፈልጉ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በኋላ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መገናኘት ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት መስመር ማስታወሻ ያዙ፤ መቼ ተገናኛችሁ፣ ምን ለማድረግ ተስማማችሁ። የግል ምስጢር አትጻፉበት። ዝርዝሩን ስታዩ ማን ለረጅም ጊዜ ድምፁ እንደጠፋ ወዲያው ይታያችኋል። ጊዜያችሁን በሙሉ የሚወስደው ብዙ ጊዜ የሚደውለው ተማሪ ነው፤ ዝርዝሩ ሌሎቹን ያስታውሳችኋል።

ስትነጋገሩ ከመምከራችሁ በፊት «አሁን የምትፈልገው ሐሳብ ነው ወይስ እንድሰማህ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። የራሳችሁን ታሪክ ስታነሡ ከአንድ ደቂቃ አትለፉ። «እኔም እንደዚያው ነበርኩ» ማለት ያጽናናል፤ ሃያ ደቂቃ ስለ ራስ ማውራት ግን ቀጠሮውን ከተማሪው መውሰድ ነው። ሲያለቅስ ዝም ማለት ትችላላችሁ። ዝምታውን በምክር ለመሙላት አትቸኩሉ።

ደረጃ 8፦ በጥናት አግዙ፤ አትሥሩላቸው

ብዙ አዲስ ተማሪ ጎበዝ ሆኖ የሚወድቀው በቀደመው ትምህርት ቤት የሠራለትን ዘዴ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እዚህ ላይ የምትሰጡት እርዳታ ተጨባጭ መሆን አለበት።

ከሰዓት ሒሳብ ጀምሩ። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይይዛል፤ ዓመቱ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በአሜሪካ ልማድ ደግሞ 1 ክሬዲት አወር በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥና ቢያንስ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ ይጠይቃል፤ 15 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ በሳምንት 45 ሰዓት ይሠራል። ተማሪው የክፍል ፕሮግራሙን አይቶ «ግማሽ ቀን ባዶ ነኝ» ሲላችሁ ይህን አብራችሁ አስሉት። ባዶው ግማሽ ቀን የትምህርቱ ትልቁ ክፍል እንደሆነ በራሱ ቁጥር ሲያየው ከእናንተ ስብከት ይልቅ ይገባዋል።

ቀጥሎ የሁሉንም ኮርሶች አውትላይን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የእያንዳንዱን አሳይመንት፣ ኩዊዝ፣ ሚድና ፋይናል ቀን ከነ ክብደቱ አንድ ካላንደር ላይ አስገቡ። ሦስት ፈተና የሚደራረብበት ሳምንት አሁን ይታያል፤ ከዚያ ሳምንት ሥራዎች የትኛውን ከሁለት ሳምንት በፊት እንደሚጀምር ተነጋገሩ። ከሁሉም ሥራዎቻችሁ ምናልባት የበለጠ ጥቅም የሚሰጠው ይህ የአንድ ሰዓት ቆይታ ነው።

ስለ አጠናን ስትነግሩ ማስረጃ ያለውን ንገሩ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በልጠው ነበር፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የተሻሉት ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን በመጻፍ ራሳቸውን የፈተኑት ሆኑ። የሚገርመው ደጋግመው ያነበቡት የበለጠ እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች መሆናቸው ነው። ተማሪያችሁ «አንብቤው ነበር፣ ገብቶኝ ነበር» ሲል የሚናገረው ይህን ስሜት ነው። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ደብተሩን ዘግቶ የቀረውን በባዶ ወረቀት እንዲጽፍ፣ በማግስቱና በሳምንቱ እንዲደግመው አድርጉ። አንድ ጊዜ አብራችሁት ሞክሩ፤ በቃል ብቻ የተነገረ ዘዴ በማግስቱ ይረሳል።

ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ የታረመውን ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ጠይቁ። ያጣቸውን ነጥቦች በአራት ክፈሉ፤ ያላጠናው፣ አጥንቶት የረሳው፣ የሚያውቀው ግን ጥያቄውን ያልተረዳው፣ ሰዓት ያለቀበት። የአራቱ መፍትሔ የተለያየ ነው። «በርታ» የሚለው ቃል ለአንዳቸውም አይጠቅምም።

ጂፒኤ እንዴት እንደሚሰላም አሳዩት፤ ብዙዎች እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አያውቁትም። በ4.0 ሚዛን በ3 ክሬዲት ኮርስ 4.0፣ በ4 ክሬዲት ኮርስ 2.0፣ በሌላ 3 ክሬዲት ኮርስ 3.0 ያገኘ ተማሪ 12፣ 8 እና 9 ነጥብ አለው፤ 29 ለ10 ሲካፈል 2.9 ይሆናል። ብዙ ክሬዲት ያለው ኮርስ ውጤቱን ይበልጥ እንደሚጎትት ሲያይ ጊዜውን የት እንደሚያውል ራሱ ይወስናል።

አሳይመንት መሥራት፣ የድሮ አሳይመንታችሁን መስጠት፣ መምህሩ በይፋ ያልለቀቀውን ፈተና ማቀበል በፍጹም አይፈቀድም። ይህ ለእሱም ለእናንተም ከዩኒቨርሲቲ የሚያስባርር ኩረጃ ሊሆን ይችላል። ሲለምናችሁ «አልሠራልህም፤ ግን የቆምክበትን አሳየኝ» በሉት። ከዚያ ወደ መምህሩ የምክር ሰዓት እንዲሄድ አዘጋጁት። አዲስ ተማሪ መምህር ቢሮ መሄድን የሚፈራው ምን እንደሚል ስለማያውቅ ነው። አንድ አረፍተ ነገር ስጡት፦ «ይህን ጥያቄ ሞክሬዋለሁ፤ እስከዚህ መስመር ደርሼ ከዚህ በኋላ ለምን እንደሚሆን አልገባኝም።» የሞከረውን ይዞ የመጣን ተማሪ የሚገፋ መምህር ጥቂት ነው።

የቡድን ጥናት ማደራጀት ለምትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ በዲያና ማርቲን የተጀመረው ዘዴ ጥሩ አርአያ ነው። ኮርሱን ቀድሞ በጥሩ ውጤት የጨረሰ ተማሪ ከአዲሶቹ ጋር ክፍል ይገባል፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ የጋራ ጥናት ይመራል። ያነጣጠረው «ደካማ» በተባሉ ተማሪዎች ላይ ሳይሆን ብዙ ሰው በሚወድቅባቸው ኮርሶች ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ማንም ለመምጣት አያፍርም። ጥናቱን ስትመሩ ጥያቄ ሲነሣ ወዲያው አትመልሱ፤ «እዚህ ላይ ማን ሞከረ?» ብላችሁ ለቡድኑ መልሱት።

ደረጃ 9፦ «እዚህ ቦታ የእኔ አይደለም» ለሚል ተማሪ

ይህን ዓረፍተ ነገር በብዙ መልክ ትሰሙታላችሁ። «ሁሉም ከእኔ ይበልጣሉ»፣ «በስህተት ነው የተቀበሉኝ»፣ «ቋንቋዬን ሲሰሙ ይስቃሉ።» ፖሊን ክላንስና ሱዛን ኢምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ውጤታማ ሆነው ሳለ «አንድ ቀን አታላይ መሆኔ ይታወቅብኛል» ብለው ስለሚሰጉ ሴቶች ጽፈዋል፤ ስሜቱ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም።

«አይዞህ፣ ጎበዝ ነህ» ማለት ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ስሜቱ የብዙዎች እንደሆነና በጊዜ እንደሚለወጥ ማሳየት ነው። ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰዓት ገደማ በፈጀ ዝግጅት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነባሮቹ መጀመሪያ ላይ እንዴት ባይተዋርነት እንደተሰማቸውና ይህ በጊዜ እንዳለፈ እንዲያነቡ ተደረገ። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ዝግጅቱን የተካፈሉ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውጤት ከፍ አለ፤ በእነሱና በነጮቹ መካከል የነበረው ልዩነትም በግማሽ ጠበበ። ስለዚህ ታሪካችሁን ስትነግሩ ሦስት ነገር ይኑረው፤ የከበዳችሁ ነገር፣ ያደረጋችሁት፣ እስኪቀልል የወሰደው ጊዜ። የመጀመሪያውን ብቻ ብትነግሩት ታስፈሩታላችሁ፤ የመጨረሻውን ብቻ ከሆነ ይበልጥ ይርቃችኋል።

ከቤተሰቡ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ እየሠራ የሚማር፣ ከሩቅ የሚመላለስ፣ ልጅ የምታሳድግ፣ የአካል ጉዳት ያለበት፤ ሁሉም የየራሱ ጫና አለው። ገምታችሁ አትናገሩ፤ «ለአንተ ምን ይከብድሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ

ተማሪው ክፍል መግባት ካቆመ፣ እንቅልፉና አመጋገቡ ከተዛባ፣ ከሰው ከራቀ፣ ንብረቱን ማደል ከጀመረ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ነገር ከተናገረ ቀልዶ ነው ብላችሁ አትለፉት። በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሃል?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት አይተክልም፤ ብዙ ሰው በመጠየቁ እፎይ ይላል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ ወዲያው ለምክር አገልግሎቱ፣ ለአስተባባሪው ወይም ለአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ደውሉ፤ ባለሙያ እስኪረከበው አብራችሁት ቆዩ። ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ጥቃት የደረሰበት ተማሪ ሲነግራችሁ እመኑት። «ለምን እዚያ ሄድክ?» አትበሉ፤ ምርመራ አትጀምሩ፣ ከተጠርጣሪው ጋር አትነጋገሩ። አሁን ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን ጠይቁ፤ ሕክምና፣ የምክር አገልግሎትና አቤቱታ የሚቀርብበትን ቦታ ንገሩት፤ ቀጣዩን እርምጃ በተቻለ መጠን ራሱ ይምረጥ። አንዳንድ ተቋማት አቻ አማካሪው የሰማውን እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ። ይህ በእናንተ ዘንድ ካለ በመጀመሪያው ቀጠሮ መነገር ነበረበት።

ገንዘብ አታበድሩ፤ ከየት እርዳታ እንደሚገኝ አሳዩ። ከምታማክሩት ተማሪ ጋር የፍቅር ግንኙነት አትጀምሩ። ስሜቱ ከመጣ ተማሪው ሌላ አማካሪ እንዲመደብለት አስተባባሪውን ጠይቁ።

ደረጃ 11፦ ራሳችሁን ጠብቁ

ማታ መልእክት የማትመልሱበት ሰዓት ይኑራችሁ፤ በዚያ ሰዓት ድንገተኛ ነገር ቢከሰት ተማሪው ማንን እንደሚጠራ ግን ይወቅ። ከአስተባባሪው ጋር ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ተገናኙ፤ ስም ሳትጠሩ የከበዳችሁን ተናገሩ። የራሳችሁ ፈተና ሲደርስ ለተማሪዎቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ጊዜውን እንዴት እንደምታቃኑ ማየታቸው ራሱ ትምህርት ይሆናቸዋል።

ደረጃ 12፦ ሥራውን ዝጉ

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር ቀጠሮውን እያራራቃችሁ ሂዱ። ተማሪው ጥያቄውን ወደ ክፍል ጓደኞቹ፣ ወደ መምህሩ፣ ወደ አካዳሚክ አድቫይዘሩ ይዞ መሄድ ከጀመረ በሥራችሁ ደስ ይበላችሁ። ማብቂያውን አንድ ወር ቀድማችሁ አሳውቁ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ከነገርኳችሁ የጠቀመው የቱ ነበር፣ ያልጠቀመው የቱ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ብታውቁት ኖሮ የምትሉት ምን አለ። ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ ወደዚያች የአንድ ገጽ ዝርዝር ጨምሩት፤ የተለወጠውን የቢሮ ሰዓትና ቦታ አርሙ።

ገና ክትትል የሚያስፈልገው ተማሪ ካለ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ለአስተባባሪው አስረክቡ። የግል ማስታወሻችሁን አጥፉ፤ የቢሮዎቹን ዝርዝርና ካላንደሩን ግን ለቀጣዩ አማካሪ ስጡ። ከተማሪዎቻችሁ መካከል ለሌሎቹ ወንበር የሚይዘውን፣ የቀረ ጓደኛውን የሚፈልገውን አስተውላችሁ ከሆነ በቀጣዩ ዙር እንዲያመለክት ንገሩት፤ የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ።